የአኩሪ አተር አዝመራ የሚሰበሰብበት ጊዜ፤ ይልቁንም ዓመቱ ሳይቃና ሲቀር

(ከሬዲዮ ንግግር የተወሰደ)



ዛሬ የምናገርላችሁ ስለ አኩሪ አተር አሰባሰብ ነው። ብዙዎቻችሁ በመሥሪያ ቤት የምትውሉ፥ ማጭድ ከጨበጣችሁም ዘመን ያለፋችሁ ስለ ሆናችሁ፥ «ይህ ለገበሬ እንጂ ለእኛ ምን ይረባናል?» ትሉ ይሆናል። ይሁን እንጂ የጆንያው ግዥ ማዘዣ፥ የብድሩ መክፈያ ቀን፥ የገጠሩ መንገድ ጥገና፥ የጭነት መኪናው ፈቃድ የሚጻፈው በእናንተ ጠረጴዛ ላይ ነው። አንድ ወረቀት በሳምንት ቢዘገይ በጽሕፈት ቤት ዘንድ እንደ ትልቅ ነገር አይቈጠርም። በደረሰ የአኩሪ አተር ማሳ ላይ ግን ያው አንድ ሳምንት ምን ያህል እንደሚያጠፋ፥ ምክንያቱንም ጭምር፥ በቍጥር ለማስረዳት እሞክራለሁ።

አኩሪ አተር ወደ አገራችን የገባው በፈረንጆች አቈጣጠር በ1950ዎቹ ዓመታት ነው። ከጤፍና ከባቄላ ጋር ሲመዛዘን ገና እንግዳ ነው፤ ስለዚህም ተረት አልተተረተለትም፥ አያት ለልጅ ልጁ ያወረሰው የአሰባሰብ ልማድም የለውም። ስሙን ማን እንዳወጣለት እንጃ፥ ግን ሳይኮራበት የቀረ ገበሬም ብዙ ነው። ዛሬ በብዛት የሚዘራው በምዕራቡ አገር፥ በመተከል በኩል በፓዌ፥ በዳንጉር፥ በማንዱራና በድባጤ፥ እንደዚሁም በአሶሳ፥ በጃዊና በጅማ አካባቢ ነው። ፍሬው ከመቶ 40 እጅ ያህል ፕሮቲን፥ 20 እጅ ያህል ደግሞ ዘይት አለው። አገራችን ለምግብ ከምትፈልገው ዘይት የሚበዛውን ከውጭ እየገዛች የምታመጣ ስለ ሆነች፥ ማሳ ላይ ረግፎ የሚቀረው ፍሬ የገበሬው ጕዳት ብቻ አይደለም፤ በውጭ ምንዛሪ የሚተካ ነው።

በምዕራቡ ቈላ ገበሬው አኩሪ አተሩን በሰኔ ይዘራል። ተክሉ በነሐሴ ያብባል፥ በመስከረም ፍሬውን ይሞላል፥ በጥቅምት ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይረግፋል፤ ከጥቅምት አጋማሽ አንሥቶ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜም እንደ ዘሩ ዐይነት ይታጨዳል። ዓመቱ የተቃና እንደ ሆነ ማሳው በአንድነት ይበስላል፥ ዝናቡም በጊዜው ይሰናበታል፤ ያን ጊዜ የአጨዳን ቀን መምረጥ ብዙ ብልኀት አይጠይቅም። ችግሩ የሚመጣው ዝናቡ ዘግይቶ የገባ፥ ወይም በሐምሌ ማሳው ውሃ የቋጠረ፥ ወይም ደግሞ አበባ በወጣበት ሰሞን ዝናብ የተቋረጠ እንደ ሆነ ነው። አኩሪ አተር ውሃ ሲያጣ አበባውን ይጥላል፤ ዝናቡ ሲመለስለት ግን ተስፋ አይቈርጥምና እንደ ገና ማበብ ይጀምራል። በዚህ ምክንያት ባንድ እግር ተክል ላይ የደረቀና ገና ለምለም የሆነ ፍሬ ጐን ለጐን ተሸክሞ ይገኛል። ማሳውም በሙሉ ሲታይ እንደዚሁ ነው። በጕብታው ላይ ያለው አፈሩ ስስ ስለ ሆነ ቀድሞ ይደርቃል፥ በረባዳው ያለው ገና አረንጓዴ ነው። ገበሬው አንድ ማሳ ዘርቶ ሁለት ማሳ ለመሰብሰብ ይገደዳል ማለት ነው።

በዚህ ላይ ሰማዩ የሚያስቸግርበት ዓመት አለ። በ2012 ዓ.ም. በጥቅምትና በኅዳር የህንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ወገን ከወትሮው በላይ ሞቆ ስለ ነበረ፥ በምሥራቅ አፍሪካ ከልክ ያለፈ ዝናብ ዘነበ። በአገራችንም በብዙ ስፍራ የደረሰ ሰብል ያለ ወቅቱ በመጣ ዝናብ ተያዘ፤ የበረሃ አንበጣም ተጨመረበት። በዚያና በተከታዩ ዓመት ሰብሉን ለማዳን ተማሪዎችና የመንግሥት ሠራተኞች ሳይቀሩ ወደ ማሳ ወጥተው ነበርና፥ ከእናንተም መካከል ለጥቂት ቀን ጐንበስ ብሎ ያጨደ፥ ወገቡም ያስታወሰው ሰው ይኖራል። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በመተከል የነበረው ግጭት እጅግ ብዙ ሕዝብ ያፈናቀለው አዝመራ በሚሰበሰብበት ወራት ስለ ነበረ፥ ባለቤቱ ሳይመለስለት በቆመበት የቀረ ሰብል ነበረ። እንዲህ ያለውን መከራ የእርሻ ትምህርት አይመክተውም። ከዚህ የሚቀጥለው ንግግሬ ገበሬው በማሳው ላይ እያለ ስለሚጠፋው ነው።

እንግዲህ አኩሪ አተር ደረሰ የሚባለው መቼ ነው? ፍሬውን አቅፎ የሚይዘው ሽፋን ቆባ ይባላል። በተክሉ ዋና ግንድ ላይ አንዱ ቆባ እንኳ የብስለት መልኩን፥ ማለት እንደ ዘሩ ዐይነት ቡናማውን ወይም ገለባ መሳዩን መልክ በያዘ ጊዜ፥ ተክሉ ፍሬውን መመገብ ሊጨርስ ነው። ነገር ግን በዚያን ጊዜ በፍሬው ውስጥ ያለው ውሃ ከመቶ 60 እጅ ያህል ስለ ሆነ ለአጨዳ አይቸኰልም። ከመቶ 95ቱ ቆባ መልኩን የለወጠ ዕለት ተክሉ ፈጽሞ ደረሰ ይባላል። ከዚያ ወዲያ ፀሐይና ነፋስ ያለበት ከ5 እስከ 10 ቀን ያህል ጊዜ ቢያገኝ የፍሬው እርጥበት ከመቶ ከ15 እጅ በታች ይወርዳል። ተክሉን ሲነቀንቁት ፍሬው በቆባው ውስጥ ይንኳኳል፤ ፍሬውን በጥፍር ሲጫኑት ምልክት አይቀበልም። ወደ ጎተራ ለማስገባት የሚፈለገው 13 እጅ ነው። አሁን የተናገርኋቸውን ቀኖች ብታስተውሉ፥ ገበሬው «ገና ነው» ከሚልበት ቀን «ዘገየሁ» እስከሚልበት ቀን ድረስ ያለው ጊዜ እጅግ ጠባብ መሆኑን ታያላችሁ።

ፍሬው ለምን ይረግፋል? ቆባው በጠርዙ የተሰፋ ትንሽ ከረጢት ይመስላል። ሲደርቅ ሁለቱ ገጾች ወደ ተለያየ ወገን ለመጠምዘዝ ይታገላሉ። ስፌቱ ጠንክሮ የያዛቸው እንደ ሆነ ይቈያሉ፤ የላላ እንደ ሆነ ግን ድንገት ፈንድተው ፍሬውን ይበትኑታል። ስፌቱን የሚያላላው ድርቀት ብቻ አይደለም። ቀን በፀሐይ ደርቆ ሌሊት በጤዛ ወይም በካፊያ መራስ፥ እንደ ገና መድረቅ፥ እንደ ገና መራስ፥ ይህ መመላለስ ነው የሚያደክመው። በአስቸጋሪ ዓመት መጨረሻ የሚመጣው ቅጥ የሌለው ዝናብ የሚጐዳው በዚህ መንገድ ነው። እርጥበቱ ከ11 እጅ በታች የወረደ ጊዜ ደግሞ የሰው ልብስ ቢነካው እንኳ የሚፈነዳ አለ። ዘሮቹ ሁሉ በዚህ ረገድ እኩል አይደሉም፤ አንዳንዱ ዘር ከደረሰ በኋላ ሁለት ሳምንት ይታገሣል፥ አንዳንዱ ግን ጥቂት ቀን እንኳ አይታገሥም። ገበሬው ዘር ሲመርጥ ስለ ምርቱ ብዛት ብቻ ጠይቆ ስለዚህ ጠባዩ ሳይጠይቅ መቅረቱ በብዙ ቦታ የሚታይ ጕድለት ነው።

አሁን ወደ ቍጥሩ እንምጣ። አሜሪካውያን ገበሬዎች በአንድ ካሬ ጫማ መሬት ላይ አራት ፍሬ ወድቆ የተገኘ እንደ ሆነ፥ በአንድ ኤከር አንድ ቡሼል ጠፋ ብለው ይቈጥራሉ። እኛ የምንሰፍረው በሄክታርና በኩንታል ስለ ሆነ ሒሳቡን እንዲህ እናድርገው። አንድ ሺህ ፍሬ 150 ግራም የሚመዝን ቢሆን፥ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 65 ፍሬ ረግፎ መገኘቱ በሄክታር አንድ ኩንታል ያህል መጥፋቱን ያመለክታል። 65 ፍሬ ማለት ክብደቱ ዐሥር ግራም የማይሞላ፥ ሕፃን በመዳፉ የሚይዘው ነው። ቆሞ ለሚያይ ሰው መሬቱ ባዶ ይመስላል፤ ምክንያቱም ፍሬው በረገፈው ቅጠል ሥር ይደበቃል። እኔም እንዲህ ባለ ማሳ ውስጥ ቁጭ ብዬ ቅጠሉን በእጄ ገለጥ እያደረግሁ እስክቈጥር ድረስ፥ ነገሩ የባለሙያ ማጋነን ይመስለኝ ነበር። አንድ ሜትር አንድ ሜትር የሆኑ አራት ዘንጎች አጋጥሞ በማሳው ውስጥ በአምስት ስድስት ስፍራ እያስቀመጡ መቍጠር ማንም ሊያደርገው የሚችል ነው፤ ወረቀትና እርሳስ ይበቃዋል።

ከአንድ ሄክታር 20 ኩንታል ይጠበቃል እንበል። በካሬ ሜትር 130 ፍሬ የረገፈ እንደ ሆነ ሁለት ኩንታል፥ ማለት ዐሥረኛው እጅ ጠፋ። ዓመቱ ከፍቶ በ20 ፋንታ 12 ኩንታል ብቻ የተገኘ እንደ ሆነ ግን ያው ሁለት ኩንታል ስድስተኛው እጅ ይሆናል። ደግሞም የመሬቱ ኪራይ፥ የእርሻው፥ የዘሩ፥ የአረሙ ወጪ ሁሉ ለረገፈውም ፍሬ አስቀድሞ ተከፍሎለታል። ስለዚህ የሚጠፋው ከወጪው ላይ አይቀነስም፤ በሙሉ ከትርፉ ላይ ይነሣል። በክፉ ዓመት ትርፉ ቀድሞውኑ ቀጭን ነውና፥ «አዝመራው ዘንድሮ አልሆነም፥ ለዚህ ደግሞ ምን ያስቸኵላል?» የሚለው አነጋገር በብዙ ገበሬ አፍ ቢሰማም እውነቱ የዚህ ተቃራኒ ነው።

ግማሹ የደረቀ ግማሹ ያልደረሰ ማሳ ሲገጥም ምን ይደረጋል? ብዙ ሰው የመጨረሻው አረንጓዴ ቆባ እስኪደርቅ ይጠብቃል። ይህ ዐይን ያየውን አለመተው እንጂ ሒሳብ አይደለም። የቀረው ለምለም ፍሬ ከመቶ 5 ወይም 10 እጅ ከሆነ፥ እርሱን ለማትረፍ ሲባል የደረሰውን 90 እጅ ለርግፈት ማቅረብ ነው። አረንጓዴውና የጨመተው ፍሬ ከውቂያ በኋላ በወንፊት ወይም በእጅ ይለቀማል፤ የረገፈውን ግን ማንም አይለቅመውም። ያልደረሰው ክፍል ከዚህ የበዛ እንደ ሆነ፥ ይልቁንም በረባዳና በጕብታ ተለይቶ የሚታይ ሲሆን፥ በእጅ የሚያጭድ ገበሬ ከባለ ኮምባይነሩ የሚበልጥበት ነገር አለው። ጕብታውን ዛሬ አጭዶ ረባዳውን ለሚመጣው ሳምንት መተው ይችላል። ባለ ኮምባይነሩ ግን መኪናው ከሩቅ ተጕዞ የሚመጣው አንድ ጊዜ ነውና ወይ ሁሉንም ይጠብቃል ወይ ሁሉንም ያጭዳል። ድኽነት የሚጠቅምበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ይህ ግን አንዱ ነው።

ሌላም የሚያሳስት ምልክት አለ። ድርቅ ያገኘው ወይም ቆባው በተባይ የተበላ ተክል፥ ፍሬው ደርቆ ሳለ ግንዱ ለብዙ ቀን አረንጓዴ ሆኖ ይቈያል። የሚያበላው ፍሬ ስለ ጐደለ ምግቡ በግንዱ ቀርቶ ነው። ግንዱን እያየ የሚጠብቅ ገበሬ ሲጠብቅ ፍሬው ያመልጠዋል። መታየት ያለበት ቆባው እንጂ ግንዱ አይደለም። በመተማና በሑመራ የሚገኙ የሰሊጥ ገበሬዎች ይህን ዐይነት ጥበብ ከጥንት ያውቁታል፤ ሰሊጥ አፉን ከፈተ ማለት ጠፋ ማለት ስለ ሆነ፥ ገና ሳይከፍት አጭደው ሂላ አቁመው ያደርቁታል። የአኩሪ አተር ገበሬ ከጐረቤቱ ከሰሊጥ ሊማረው የሚገባው አለ።

ስለ ሰዓቱም ጥቂት ልናገር። አጨዳው ማለዳ፥ ጤዛው ሳይተን፥ ቆባው ገና ለስልሶ ሳለ ቢሆን ርግፈቱ እጅግ ይቀንሳል። ፀሐይ ከበረታ ወዲያ ያው ማጭድ ያው እጅ ሆኖ ብዙ ፍሬ ይበተናል። ውቂያው ደግሞ በተቃራኒው በቀትር፥ ቆባው ተሰባሪ ሲሆን ነው። ተክሉን ከሥሩ ከመንቀል በማጭድ መቍረጥ ይሻላል፤ ተነቅሎ የመጣው ሥር አፈር ይዞ ከፍሬው ጋር ይቀላቀላል፥ በሥሩ ላይ ያሉት ለአፈሩ ናይትሮጅን ያከማቹ ጕጦችም ከማሳው ይወሰዳሉ። በደረቅ ዓመት ተክሉ አጥሮ የታችኛው ቆባ ወደ መሬት ስለሚቀርብ ማጭዱ ዝቅ ማለት አለበት፤ በጥድፊያ ከፍ አድርጎ የሚያጭድ ሠራተኛ የታችኛውን ቆባ ከግንዱ ጋር ለከብት ይተውለታል። በኮምባይነር ሲሆንም ነገሩ ይኸው ነው። ከሚጠፋው ሁሉ ከመቶ 80 እጅና ከዚያም በላይ የሚጠፋው በመኪናው ሆድ ውስጥ ሳይሆን በማጨጃው አፍ ላይ ነው። ስለዚህ ነጂው ማጨጃውን ዝቅ አድርጎ፥ ስለቱን ስሎ፥ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ቀስ ብሎ ቢሄድ ኪሳራው ይቀንሳል። ነጂው የሚከፈለው ባጨደው ሄክታር ብዛት ከሆነ ግን ቀስ በል ቢሉት አይሰማም፤ እዚህ ላይ ጥፋቱ የውሉ እንጂ የሰውየው አይደለም።

የታጨደው ሰብል ላይ ዝናብ የመጣበት እንደ ሆነ ትልቅ ክምር መከመር አይገባም፤ ውስጡ ይሞቃል፥ ይሻግታል፥ አንዳንዴም በቆባው ውስጥ ሳለ ይበቅላል። ትንንሽ ክምር አድርጎ፥ ከላይ ሸራ አልብሶ፥ ዝናቡ ሲያባራ ገልጦ ነፋስ ማስገባት ነው። በባዶ መሬት ላይ በበሬ የተወቃ ፍሬ አፈርና እበት ስለሚቀላቀልበት በገበያ ዋጋው ይወድቃል፤ ገዢው ጥራቱን የሚመዝነው በእርጥበቱ፥ በተሰበረው ፍሬና በባዕድ ነገሩ ነውና። በሸራ ላይ በዱላ ቢወቃ ይሻላል፤ እርሱም ቢሆን ፍሬው ከልክ በላይ ሳይደርቅ ነው፥ አለዚያ ለሁለት ይሰነጠቃል።

የእርጥበት መለኪያ የሌለው ሰው ጨው ይበቃዋል። በደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ደረቅ ጨውና ጥቂት ፍሬ ጨምሮ፥ ክዳኑን ገጥሞ፥ ጥቂት ደቂቃ ደኅና አድርጎ ነቅንቆ ማስቀመጥ ነው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ እንደ ሆነ እርጥበቱ ከ15 እጅ በላይ ነውና ገና ፀሐይ ይፈልጋል። ከልክ በላይ ማድረቅም ኪሳራ አለው። በ13 እጅ እርጥበት አንድ ኩንታል የሚመዝን አኩሪ አተር ወደ 9 እጅ ቢወርድ ክብደቱ 95 ኪሎ ተኩል ያህል ይሆናል፤ አራት ኪሎ ተኩሉን ፀሐይ ወሰደው፥ ገዢውም አይከፍልበትም።

አሁን ወደ ጠረጴዛችን እንመለስ። በምዕራቡ አገር በጥቅምትና በኅዳር የሰው እጅ እጅግ ይወደዳል። ማሽላውም በቆሎውም በዚያው ሰሞን ይጠራል፤ ሰሊጡም ዋጋው ስለሚበልጥ የቀን ሠራተኛውን አስቀድሞ ይወስደዋል። የብድሩ መመለሻ ቀን ኅዳር መጨረሻ ተብሎ የተጻፈ እንደ ሆነ፥ ገበሬው ያልደረቀውን ሰብል አጭዶ እርጥቡን ይሸጣል። ጆንያው በታኅሣሥ የደረሰ እንደ ሆነ፥ የተወቃው ፍሬ በአውድማ ላይ ጤዛና ተባይ ሲቀበል ይሰነብታል። በኮምባይነር ኪራይ ውሎች ላይ ብዙ ጊዜ የማየው ደግሞ «ኅዳር 15 ቀን» የሚል ቍርጥ ቀን ነው። ውሉ የሚጻፈው ፍሬው ሳይታይ፥ በሐምሌ ወይም በነሐሴ ነው፤ ዓመቱ ቸኵሎ ሰብሉ በኅዳር 5 የደረሰ እንደ ሆነ ያ ዐሥር ቀን ከላይ የቈጠርነውን ሁለት ኩንታል ሊያስከትል ይችላል። በቀኑ ፋንታ «ቆባው መልኩን በለወጠ በሳምንቱ» ብሎ መጻፍ፥ ብድሩንም በአንድ ወር ማሸጋገር፥ ጆንያውን በመስከረም ማዘዝ አዲስ በጀት አይጠይቅም። የሚጠይቀው ወረቀቱን የሚያረቅቀው ሰው የሰብሉን ወራት እንዲያውቅ ነው።

የመጨረሻው ነገር ስለ ዘር ነው። አኩሪ አተር የመብቀል ኀይሉን ከብዙ ሰብል ፈጥኖ ያጣል፤ በቆባው ሳለ በዝናብ የተመታ፥ በውቂያ የተቀጠቀጠ ወይም በሞቃት ጎተራ የከረመ እንደ ሆነ ይብሳል። ስለዚህ ከአስቸጋሪ ዓመት በኋላ ለዘር የሚሆነው ከማሳው መካከል እኩል ከበሰለው ስፍራ ተለይቶ፥ ከሁሉ አስቀድሞ፥ በመጀመሪያው ደረቅ ማለዳ መታጨድ አለበት። በዱላም ቀስ ተብሎ ይወቃል፤ እርጥበቱ ወደ 12 እጅ ሲወርድ ነፋስ በሚያገኝ ቀዝቃዛ ስፍራ፥ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ይቀመጣል። ግንቦት ሲገባ ከውስጡ 100 ፍሬ ቈጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ አንድ ሳምንት ያህል ማቈየት ነው። 80ው ከበቀለ ደኅና ነው፤ 60ው ብቻ ከበቀለ ገበሬው የዘሩን መጠን መጨመር ወይም ከሰኔ በፊት ሌላ ዘር መፈለግ ይኖርበታል፥ ለዚህም የዘር ማከፋፈያው ጽሕፈት ቤት በግንቦት ክፍት ሆኖ ሊያገኘው ይገባል።